የድሮው የጣሊያን ኮምባይንድ ወይስ አዲሱ? ለትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ማሽን ስንመርጥ

ባለፈው ወር ከኮምቦልቻ አንድ ልጅ ደወለልኝ። የጎረቤቴ የእህት ልጅ ነው። ከጓደኛው ጋር የእንጨት ሥራ ቤት ሊከፍቱ ነው። «ጋሼ፣ ደሴ ሸዋ በር አንድ የድሮ የጣሊያን ኮምባይንድ ይሸጣል አሉኝ። ወደዚያው በሚጠጋ ብር አዲስ የቻይናም አለ። የቱን ልግዛ ይላሉ?» አለኝ።

«ቅዳሜ ና፤ አብረን እናየዋለን» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ለእሱ ብቻ ብዬ አልነበረም። የጣሊያን ኮምባይንድ ሲባል ስሰማ የዋንዛ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል።

ለማያውቀው ላስረዳ። ኮምባይንድ ስል ስንዴ የሚያጭደውን አይደለም። ክብ መጋዝ፣ ፒያላ (የእንጨቱን ፊት የሚልገው)፣ ውፍረት ማውጫ፣ ጠርዝና ኮርኒስ የሚያወጣ ቋሚ ዘንግ፣ በጎኑ ደግሞ ቀዳዳ መብሻ በአንድ አካል ላይ የተሸከመ የእንጨት ማሽን ነው። አምስት ማሽን የሚይዘውን ቦታ አንዱ ይተካል። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ዕድሜ ጠገብ እንጨት ሥራ ቤት ከገባችሁ፣ ጥግ ላይ ቀለሙ የተላላጠ አንድ ከባድ ነገር ቆሞ ካያችሁ፣ እሱ ነው።

አጎቴም ነበረው። ከትምህርት ቤት ስወጣ የእኔ ሥራ ሰጋቱራ መጥረግ ነበር። ሰጋቱራው በጆንያ ታስሮ ቤት ይሄዳል። እናቴ የቆርቆሮ ምድጃው መሐል ጠርሙስ ታቆምና ዙሪያውን ትጠቀጥቀዋለች። ጠርሙሱን ስትነቅለው ቀዳዳው ይቀራል፤ እሳቱ በዚያ ይገባል። ክረምት ላይ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል፣ ከዚያ ምድጃ አጠገብ የሚነሳ ሰው አልነበረም።

ማሽኑ ሲነሳ ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ድምፁ እየቀጠነ ይወጣል። መብራት ሲሄድ ደግሞ እየወፈረ፣ እየወፈረ ወርዶ ዝም ይላል። የሰፈሩ ሰው መብራት መሄዱን ከእሱ ነበር የሚያውቀው። አጎቴ ጣሊያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አይችልም። ግን ቺንጋ (ዘንጉን የሚያዞረው ቀበቶ)፣ ፑሌጃ፣ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት)፣ ሞርሳ፣ ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን ረጅም እንጨት) ሲል ነው የሚውለው። ሰጋቱራም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። እኔ አማርኛ ይመስለኝ ነበር።

የግራ እጁ የቀለበት ጣት ግማሽ ነበረች። ይህንንም ልጻፈው። ስለ ድሮ ማሽን ስናወራ ሽታውንና ድምፁን እናነሳለን፣ ጣቷን እንዘላታለን። ለመግዛት የሄደ ሰው ግን ከጣቷ ቢጀምር ይሻለዋል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

የድሮው ምኑ ያጓጓል?

ክብደቱ። ከ4 እስከ 6 ኩንታል የሚመዝን ማሽን ሲሠራ አይንቀጠቀጥም። ጠረጴዛውም አካሉም ጊዛ ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት። ጊዛ ንዝረትን ይውጣል። ለዚህ ነው ከድሮ ፒያላ የወጣ ጣውላ ላይ እጅ ሲሄድ ሞገድ የማይሰማው።

ጣሊያኖቹ በዚህ የሚታወቁት በአጋጣሚ አይደለም። ለምሳሌ ኤስሲኤም የሚባለው የሪሚኒ ፋብሪካ ብረት አቅልጦ የእርሻ ዕቃ ከመሥራት ተነስቶ ነው ወደ እንጨት ማሽን የገባው። በ1952 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው የእንጨት ማሽን ኮምባይንድ ነበር። ስሙን «ሊንቪንቺቢሌ» አሉት፤ የማይበገረው ማለት ነው። ራሱ ብረት የሚያፈስ ሰው ብረት አይቆጥብም።

አሜሪካኖቹ በተቃራኒው ነው የሄዱት። ሾፕስሚዝ የሚባለውን ሐንስ ጎልድሽሚት የሚባል ከጀርመን የተሰደደ ሰው ነው የፈለሰፈው። በ1947 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ። አንድ ሞተር ሁለት የብረት ቱቦ ላይ እየተንሸራተተ መጋዝ፣ ቶርኖ፣ ድሪልና ማለስለሻ ይሆናል። ቀላል ነው፣ ጋራዥ ጥግ ላይ ይቆማል። የአያቱን ሾፕስሚዝ እስካሁን የሚወለውል አሜሪካዊ ብዙ ነው። ቪዲዮ አይታችሁ ከዘመድ ሻንጣ ጋር አስመጣለሁ እንዳትሉ። የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ደግሞ ለትርፍ ጊዜ ሥራ እንጂ ቀኑን ሙሉ የባሕር ዛፍ ሞራሌ ለሚበላ ቤት አልታሰበም።

የክብደት ሌላ ጥቅሙን በ2014 ዓ.ም. አየነው። የሰሜኑ ጦርነት ደሴን አልፎ ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ሥራ ቤት ባዶ ቀርቷል። አጎቴ ቤት ድሪሉ፣ ጂግሶው፣ የእጅ ፒያላው፣ እስከ መዶሻው ሄደ። ኮምባይንዱ ከነቦታው ጠበቀን። ገመዱን ቆርጠው ወስደውበታል፣ ሌላ ምንም። ይህን እንደ መምረጫ ነጥብ እንድትቆጥሩት አይደለም።

ሄዳችሁ ስታዩት

ሸዋ በር ያለውን የሚሸጡት አንዲት እናት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ማንም አልነካውም። ቁራሌው በኪሎ ልውሰደው ብሎ ሁለቴ ተመላልሷል። «ለሚሠራበት ሰው ቢሄድ ደስ ይለኛል፤ ተቆራርጦ ሲጫን ማየት አልፈልግም» አሉን። ቡና ቀረበ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ቡና ጠጥቶ ዋጋ መከራከር ከባድ ነው። መጀመሪያ ማሽኑን፣ ቀጥሎ ቡናውን።

ከጣቷ እንጀምር። የፒያላውን ቺንጋ በእጃችሁ አዙሩና ቢላ ተሸካሚውን ዘንግ ከጎን እዩት። ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? አራት ማዕዘን ከሆነ በዘንጉና በጠረጴዛው መሐል ሰፊ ክፍተት ይኖራል። ጣት ካመለጠ ክቡ ይልጣል፣ አራት ማዕዘኑ ግን ወደ ውስጥ ይጎትታል። የአጎቴ አራት ማዕዘን ነበር። እንግሊዝ አገር በ1922 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ በእጅ ለሚገፋ ፒያላ ክብ ዘንግ ግዴታ ሆኗል። መቶ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ አራት ማዕዘን ካያችሁ ቡናውን አመስግናችሁ ጠጡና ውጡ። ቅናሽ አያስተካክለውም።

የሸዋ በሩ ክብ ነበር። ልጁ ደስ አለው፤ እኔ ከእሱ ብሼ።

ቀጥሎ ጠረጴዛው። ቀጥ ያለ ረጅም የብረት ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ማስመሪያውን በቁመት፣ በአግድም፣ ከጥግ ወደ ጥግ አጋድሙትና ከሥሩ ተራ ወረቀት ለማስገባት ሞክሩ። አንድ የፎቶኮፒ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ወረቀት ካለፈ አይከፋም። አራት አምስት ደርባችሁ ካለፈ ጠረጴዛው ጠሟል። ከሥር ደግሞ የብየዳ ምልክት ፈልጉ። የተሰበረ ጊዛ ይበየዳል፣ ግን እንደገና ቀጥ ማለቱ የዕድል ነገር ነው።

ኩሽኔታውን በጆሮ ነው የሚያዩት። ቺንጋውን አውልቁ፣ ዘንጉን በእጅ አሽከርክሩ። ዝም ብሎ ከዞረ ጥሩ። ጠጠር እንደሚፈጭ ካሰማ መለወጥ አለበት። ይህ ግን አያስፈራችሁ። ኩሽኔታ ላይ ቁጥር አለ፣ ቁጥሩ ደግሞ ዓለም አቀፍ ነው። 6205 ካለ የውስጡ ቀዳዳ 25 ሚሊ ሜትር፣ የውጩ 52፣ ስፋቱ 15 ነው፤ ጣሊያን ይሥራው ቻይና ለውጥ የለውም። ከ60 ዓመት በፊት ለተሠራ ማሽን ዛሬ መለዋወጫ ቤት ሄዶ መግዛት ይቻላል። ቺንጋውም እንደዚያው ነው፦ ከላይ ስፋቱ 13 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኤ፣ 17 ከሆነ ቢ ይባላል። ዘንጉ በኩሽኔታ ፋንታ በነሐስ ቡሽ (ኳስ በሌለው የነሐስ ቀለበት) ላይ የሚዞር ከሆነ ግን ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ ይመጣል። ያንን ሂሳብ ውስጥ አስገቡ።

የመጋዙን ዘንግ ያዙና ወደ ላይ ወደ ታች ግፉት። የሸዋ በሩ እዚህ ላይ ተናወጠ። ከመጋዙ ጀርባ የምትቆመው ቢላም የለችም። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን የተቀደደው እንጨት ተመልሶ መጋዙን እንዳያንቅና ወደ ሰው እንዳይወረወር የምታደርገው እሷ ናት። ብዙ የድሮ ማሽን ላይ «አስቸገረችኝ» ተብላ ተነቅላ ጠፍታለች። መከላከያ ክዳኖቹም እንዲሁ። ሲገዙ የሌሉትን ሁሉ ጽፎ ከዋጋው ማስቀነስ ነው።

ኮረንቲው

አሮጌ ኮምባይንድ የሚገዛ ሰው በብዛት የሚሸወደው እዚህ ነው። አብዛኞቹ በስሪ ፌዝ፣ ማለትም በሦስት መስመር በሚመጣ የ380 ቮልት ኮረንቲ ነው የሚሠሩት። የኪራይ ቤታችሁ ሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ መስመር) ከሆነ ማሽኑን አምጥታችሁ እንደ ጠረጴዛ ነው የምትጠቀሙበት። በካፓሲተር ይነሳል የሚል ኤሌክትሪሺያን አይጠፋም። ይነሳል፤ ጉልበቱ ግን ሲሶ ያህል ይቀንሳል፣ ሞተሩም ይግላል።

የተሻለው ቪኤፍዲ የሚባለው መቆጣጠሪያ ነው። ከሲንግል ፌዝ ስሪ ፌዝ ያወጣል። ግን መጀመሪያ ሞተሩ ላይ ያለችውን ሳህን አንብቡ። 220/380 የሚል ከሆነ ዴልታ በሚባለው የሽቦ አስተሳሰር ታስሮ በ220 ይሠራል። 380/660 ከሆነ በዚህ መንገድ አይሆንም። ሌላው ነገር አዙሪቱ ነው። አዲስ ቦታ ከታሰረ በኋላ ወደ ኋላ ሊዞር ይችላል። ከሦስቱ ሽቦ ሁለቱን ማቀያየር ነው፤ ግን ይህን መጋዙን አውልቃችሁ ሞክሩ፣ ወደ ኋላ ሲዞር መጋዙን የያዘው ዳዶ ሊፈታ ይችላልና።

ስለ ከፍታም የሚጠይቅ አለ። ሞተር በተለምዶ የሚለካው እስከ 1,000 ሜትር ለሆነ ከፍታ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500። አየሩ ሲሳሳ ሞተር በደንብ አይቀዘቅዝም። የደሴ ብርድ ግን ጥሩ አድርጎ ያካክሳል። ቀኑን ሙሉ በሙሉ ጉልበት እስካልነዳችሁት ድረስ እንቅልፍ አይንሳችሁ።

አዲሱስ?

አዲሱን ኮምቦልቻ ወርደን አየነው። መቼም የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ስንወርድ ልጁ የጠየቀኝን ጥያቄ ሁሉ ብጽፍ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

አዲሱ በሲንግል ፌዝ ይሠራል። ክዳን አለው፣ ከመጋዙ ጀርባ ያለችው ቢላ አለች፣ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቀይ ቁልፍ አለው። ሻጩ ሰክቶ ያሳያል። እነዚህ ቀላል ነገሮች አይደሉም። አጎቴ ቀይ ቁልፍ አልነበረውም።

ክብደቱ ግን 2 ኩንታል አይሞላም። ጠረጴዛው ሳሳ ያለ አሉሚኒየም ነው፣ እግሩ የታጠፈ ላሜራ። የፒያላውን ጠረጴዛ ጫፍ ይዤ ወደ ታች ስጫነው ሄደልኝ። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሜትር ተኩል የበር ሞራሌ ቀጥ ማድረግ ትግል ነው። አጭር እንጨት፣ የወንበር እግር፣ የመደርደሪያ ጠርዝ ከሆነ ይሆናል። አዲስ የሚገዛ ሰው ዝርዝሩ ላይ ያለውን የፈረስ ጉልበት ትቶ ጠረጴዛውን ይጫነው። መለዋወጫውንም ይጠይቅ። አንዳንዱ ላይ ቺንጋው እንኳ የራሱ ብቻ ነው።

ሁለቱም ኮምባይንድ የሚጋሩት አንድ ችግር አለ። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲያልፉ ማሽኑ ይፈታል። ፒያላውን ወደ ውፍረት ማውጫ ለመቀየር ጠረጴዛው ይነሳል፤ ያስተካከላችሁት ልክ ጠፋ ማለት ነው። አጎቴ ለዚህ ዘዴ ነበረው። የሥራውን ሁሉ እንጨት መጀመሪያ በመጋዝ ይቀዳል፣ ቀጥሎ ሁሉንም ይልጋል፣ ከዚያ ሁሉንም ውፍረት ያወጣል፣ መጨረሻ ቀዳዳ ይበሳል። ሁልጊዜ ደግሞ አንድ ትርፍ እንጨት አብሮ ይልጋል። አንዱ ቢበላሽ ለአንድ እንጨት ብሎ ያንን ልክ መልሶ ማግኘት እንደማይቻል ያውቃል። ብቻውን ወይም ከአንድ ረዳት ጋር ለሚሠራ ይህ ይሄዳል። አራት ሰው ያለበት ቤት ግን አንዱ ይሠራል፣ ሦስቱ ሻይ ይጠጣሉ።

ሥራችሁ ምንድን ነው?

ከሐረጎ ስንወርድ ልጁን «እስካሁን ስንት ሥራ ይዛችኋል?» አልኩት። ሦስት ኪችን ካቢኔት፣ አንድ የሱቅ መደርደሪያ፣ አንድ ቁም ሳጥን። ሁሉም ኤምዲኤፍ፤ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ቦርድ።

ይህን መጀመሪያ ልጠይቀው ይገባ ነበር። ኤምዲኤፍ አይላግም፣ ውፍረቱም ከፋብሪካ የወጣ ነው። የኮምባይንዱ ግማሽ አካል፣ ያ ሁሉ ጊዛ፣ ለእሱ ሥራ አይፈለግም። የሚፈለገው 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ ቦርድ ሳይርገበገብ የሚቀድ መጋዝ ነው። የኮምባይንድ ተንሸራታች ጠረጴዛ አንድ ሜትር ቢሄድ ነው። ስለዚህ የቦርድ ሥራ የሚበዛበት ሰው ሁለቱንም ትቶ ገንዘቡን ጥሩ መጋዝ ላይ ያውለው። በቃ።

በርና መስኮት፣ አልጋ፣ የዋንዛ ወይም የዝግባ ወንበር የሚሠራ ሰው ከሆነና ስሪ ፌዝ ካለው፣ ክብ ዘንግ ያለው የድሮ ኮምባይንድ ከአዲሱ ቀላል ኮምባይንድ ይበልጥበታል ባይ ነኝ። መጋዙ ቢያረጅ እንኳ ለፒያላውና ለቀዳዳው ብቻ ይገዛል፤ መጋዝ ለብቻ ይታከላል። ቦታ የማይጠበው፣ ሠራተኛ ያለው ደግሞ ዝም ብሎ የተለያዩ ማሽኖች ይግዛ። አንዱ ሲበላሽ ሌላው አይቆምም።

አራተኛው መንገድ አለመግዛት ነው። ሁለቱም ከተማ ውስጥ በክፍያ የሚልጉ ቤቶች አሉ። እንጨታችሁን በጋሪ ወስዳችሁ አስልጋችሁ ትመለሳላችሁ። ወር ላይ ሁለቴ ብቻ ጣውላ የሚያስልግ ሰው 5 ኩንታል ብረት የሚያቆምበት ምክንያት አይታየኝም። ወጣቶች ይህን እንደ ሽንፈት ያዩታል። እኔ ስድስት ወር እንዲህ ሠርቶ ሥራው ወዴት እንደሚያደላ አይቶ የሚገዛውን ሰው ነው የማደንቀው። አንድ ነገር ብቻ፦ ከማስላጋችሁ በፊት ምስማር ንቀሉ። ያልነቀለ ሰው ለቢላ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ሰላምታውም ይቀዘቅዛል።

ልጁ መጋዝ ገዛ። ጣውላ ሲያጋጥመው እዚያው ኮምቦልቻ ያስልጋል።

እኔ ደግሞ በሳምንቱ ሸዋ በር ተመልሼ ሄድኩ። ለብቻዬ። እናትዬዋ ምንም አልጠየቁኝም፤ ቡናውን አቀረቡ። ቺንጋውን አዞርኩት፣ ማስመሪያዬን አጋደምኩ፣ አንድ ወረቀት ብቻ አለፈ። ቤት ገብቼ በጨለማ የመጋዘኔን በር ለካሁ፤ 80 ሳንቲ ሜትር። ማሽኑ ከነጠረጴዛው ሜትር ከሃያ ነው። «በሩን ማስፋት ይቻላል» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ቆጣሪያችን ሲንግል ፌዝ ነው» አለች ባለቤቴ ከማድቤት።